የጉዞው ምክንያት

ወረቀቱ እማማ ዘቢባ እጅ መግባት አልነበረበትም። ባሕር ዳር መውጫ ላይ ያለው ፖሊስ የሁላችንንም የይለፍ ወረቀት ሰብስቦ ከወረደ በኋላ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና ስም እየጠራ ያድል ጀመር። «ዘቢባ ሙሐመድ!» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አቤት!» ብለው እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። ከፊታችን ካለው ወንበር ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ብድግ አሉ። ወጣቱ እጁን ዘርግቶ «ለእኔ ስጠኝ፣ አብረን ነን» ቢልም ፖሊሱ «ስሙ የእርሳቸው ነው» ብሎ በሰው ጭንቅላት ላይ አሳልፎ ሰጣቸው። ወጣቱ ዞሮ «ይጠፋብዎታል አክስቴ፣ ልያዝልዎት» አለ። «ምን ብዬ አጠፋዋለሁ ሐሰን? ስሜ ያለበትን!» አሉና አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ሐሰን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አብሮት ያለው ትልቁ ሰውዬ፣ ሙሄ የሚሉት፣ አልተቀመጠም፤ መኪናው ተነሥቶ እስኪያንገዳግደው ድረስ ወረቀቱ የገባበትን የሴትዮዋን ደረት እያየ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ባለጌ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ።

የካቲት ሰባ ስድስት ነበር። የዩኒቨርሲቲው የመንፈቅ ዕረፍት ሆኖ ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ከአዲስ አበባ ከተነሣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር በአራት ብር ተኩል የሚወስደው አውቶቡስ አሮጌ ነበር። ለአርባ ሰው ተሠርቶ ስድሳ ይጭናል፤ መስኮቶቹ ወይ አይከፈቱም ወይ አይዘጉም፤ የእኛ ከማይዘጉት ነው። የጠጠሩ መንገድ አቧራ ገብቶ ሁላችንንም አንድ ቀለም አድርጎናል። እኔ ሰው ማየት እወዳለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ግን የምገባበት ይጠፋኛል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ረጅም መንገድ ይመቻል፤ ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚያየው። በሩ አጠገብ አንድ ሰውዬ የተጠቀለለ ቆርቆሮ በእግሮቹ መሀል አቁሞ አቅፎታል። ሁለት ገበሬዎች የፍርድ ቤት መዝገብ በላስቲክ ጠቅልለው ተራ በተራ ይይዛሉ፤ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ይቀበለዋል። ከኋላ ሦስት ዶሮ ያንጠለጠለች ሴት ከረዳቱ ጋር ትጨቃጨቃለች።

«እነዚህ ዶሮዎች ትኬት ቆርጠዋል?»

«ወንበር ስጣቸውና ይቆርጣሉ!»

«እኔ ራሴ ቆሜ ነው የምሄደው እትዬ፤ ለዶሮ ከየት አመጣለሁ?»

«እንግዲያ አንተም አትክፈል!»

ሰው ሳቀ። እማማ ዘቢባም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሐሰንና ሙሄ ብቻ አልሳቁም። ሁለቱም የአንገታቸውን ጀርባ ለእኛ ሰጥተው እንደ ደነደነ ነገር ተቀምጠዋል።

እማማ ዘቢባ ባሕር ዳር ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ይህን ገና ሳይደላደሉ ነበር የነገሩኝ፤ ባይነግሩኝም ከነጠላቸው የሚወጣው የኮረሪማ ሽታ ይናገር ነበር። አንድ ልጃቸው የሱፍ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ አለው። ትናንት ማታ የወንድማቸው ልጅ ሐሰንና የየሱፍ ጎረቤት ሙሄ ከደብረ ታቦር ድረስ መጥተው «የሱፍን ትንሽ አሞት እርስዎን እርስዎን ይላል» አሏቸው። ጠዋት በማለዳ ሙሄ ቀበሌ ሄዶ የይለፍ ወረቀቱን አስወጣላቸውና ተነሡ። «ወባ ነው» አሉኝ። «ፎገራ እየወረደ ጨርቅ ይሸጣል፤ አጎበር ያዝ ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ። አብሽ ይዤለታለሁ። አብሽ በማር ከጠጣ ሦስት ቀን አይቆይበትም።» ስሜን ጠየቁኝ። ዘነበች ነው አልኳቸው። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ተማሪ ነኝ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ ወደ ጆሮዬ ተጠጉና «እኔም ተማሪ ነኝ» አሉ።

መሠረተ ትምህርት ጨርሰዋል። ከሰዓት በኋላ ከገበያ መልስ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከነዘንቢላቸው እየተቀመጡ ተምረው፣ ባለፈው ወር የምስክር ወረቀት ወስደዋል። ሐሰን አያውቅም፤ የሱፍም አያውቅም። «በራሴ አፍ ልነግረው እንኳ አይደለም» አሉ። «ሱቁ በር ላይ እቆምና ሰሌዳው ላይ ያጻፈውን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ከዚያ የሚሆነውን እናያለን።» ከሾፌሩ በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ይለማመዱበት ጀመር። «ከ... ሾ... ፌ... ሩ... ጋር... መነ... ጋገር... ክል... ክል... ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልክ ነኝ?» ይላሉ። «ልክ ነዎት።» እኔ ሁለት ክረምት መሠረተ ትምህርት አስተምሬያለሁ። ያቺን «ልክ ነኝ?» የምትል ዓይን አውቃታለሁ። ሰው በዕድሜው ሁሉ ከታለለበት ነገር ሊወጣ አንድ እርምጃ ሲቀረው የሚያይባት ዓይን ናት፤ የዚያን ጊዜ «ልክ ነዎት» ማለት ከደሞዝ ይጣፍጣል። መንገድ ዳር የተተከለ ሰሌዳ ባለፈን ቁጥር አንገታቸውን እያሰገጉ ያነቡታል፤ ሾፌሩ ፈጠን ካለባቸው «ምን አስሮጠው?» እያሉ ይቆጣሉ።

ሐሙሲት ደረስን። የገበያ ቀን ስለነበር አውቶቡሱ በሰውና በአህያ መሀል እየገፋ ገብቶ ቆመ። ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» አለ። ከወንዛዬ ፍል ውኃ የተመለሱ አንድ ሽማግሌ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ እንደጠመጠሙ ጉልበታቸውን እየረገሙ ወጡ፤ ሌላው ሁሉ ወረደ። እማማ ዘቢባ አልወረዱም። ግራ ቀኝ አዩና ወረቀቱን ከደረታቸው አወጡ፤ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ዳበሱት። የሰው ወረቀት ማየት ነውር ስለሆነ ወደ ውጭ ዞርኩ። ጣታቸው ወረቀቱን ሲፍቅ ግን እሰማ ነበር። ስማቸውን አገኙትና ለብቻቸው ሳቁ። ቀበሌያቸውን አገኙ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። ከመጀመሪያው ተመልሶ ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ቆመ።

«ልጄ» አሉ። ድምፃቸው አነሰብኝ። «ይችን አንብቢልኝ እስቲ። እኔ ያነበብኳት ልክ አልመጣችልኝም።»

ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። የቀበሌው ማኅተም ጥግ ላይ ሐምራዊ ሆኖ አርፏል። ከላይ ስም፣ ከስር አድራሻ፣ ከዚያ «የጉዞው ምክንያት» ይላል፤ ከዚያ «የልጃቸው የየሱፍ እንድሪስ ለቅሶ» ይላል። ጽሕፈቱ ክብ፣ ጥርት ያለ፣ የአስተማሪ ጽሕፈት ነው። ለጀማሪ ማንበቢያ ተብሎ የተጻፈ ይመስል ነበር።

ቀና ስል ሐሰን መስኮቱ ስር ቆሟል። ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ ልጣጩ ከእጁ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ራሱን አልነቀነቀልኝም፤ በዓይኑም አልጠቀሰኝም። ዝም ብሎ ያየኛል።

«ጥየቃ ነው የሚለው» አልኩ። «የልጃቸው ጥየቃ።»

«ጥየቃ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ...» ጣታቸውን ቃሉ ስር አስገቡ። «እኔ ሌላ ነው ያነበብኩት። እንዲህ ያለውን ነገር አፌም አይለው። ይኼስ የመጀመሪያው? ‘ለ’ አይደለም?»

ነበር። «የቢሮ ጽሕፈት ነው እማማ» አልኳቸው። «እርስዎ የተማሩት የመጽሐፉን ነው። ይለያያል።»

ትንፋሻቸው ሲወጣ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። «አልሐምዱሊላሂ! ወላሂ ልቤን አውልቀሽ መለስሽልኝ። አላህ ይስጥሽ፤ አላህ ለእናትሽ ያቆይሽ።» ሳቁ፤ ጉልበቴን መቱኝ። ከዚያ ሳቃቸው የቱ ላይ እንደሆነ ሳላየው አለቀ። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አዩት። «ለካ የኔ የመጽሐፉ ብቻ ኖሯል» አሉና አጥፈው በመስኮቱ ለሐሰን አቀበሉት። «እንካ ያዝ። እኔ አልችልበትም።»

ወርጄ ከአውቶቡሱ ኋላ ስቆም ሙሄ ተከትሎኝ መጣ። ሊናገር ይፈልጋል፤ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በጫማው ጠጠር ይገፋል። የሱፍን ትናንት ጠዋት ቀብረውት መነሣታቸውን ነገረኝ። የጭነት መኪና ላይ ጨርቁን ጭኖ ከወረታ ሲመለስ መኪናው ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ቀበሌው ለጥየቃ ይለፍ የሚል ሰው ሦስት ቀን ያመላልሳል፤ ለለቅሶ ግን ያኔውኑ ይጽፋል። እርሱም ያኔውኑ አስጻፈ። «ማንበብ ይችላሉ ብዬ በምን ልጠርጥር?» አለ። «በርበሬ ነጋዴ እኮ ናቸው።» የባላቸውን ሞት ገበያ መሀል አንድ ሰው አምልጦት ነበር የነገራቸው፤ እዚያው ወድቀው አርባ ቀን አፋቸው ተይዞ ኖሩ፤ ሐኪሙ ልብዎ ሁለተኛ አይችልም ብሏቸዋል። «ደብረ ታቦር እህታቸው ከድጃ አለች። ዛሬን አሳርፈን፣ ጎህ ሲቀድ እህታቸው በአንድ ጎን ልጇ በአንድ ጎን ይዘዋቸው ነው የሚነገራቸው። ያቺ ሰዓት ድረስ ነው እቴ። ያቺ ሰዓት ድረስ እንድረስ።» ራሴን ነቀነቅሁ። የተማርኩት ሁሉ እንዲህ ላለ ሥራ ይውላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሐሙሲት በኋላ የፎገራ ሜዳ ተዘረጋ። ከብቶቹ አቧራ ውስጥ እስከ ሆዳቸው ገብተው ይታያሉ። አልፎ አልፎ ሰሌዳ ያልፈናል። እማማ ዘቢባ ወደ ሰሌዳዎቹ አይዞሩም። ወረታ መግቢያ ላይ ጨርቅ በሁለት ግንድ ተወጥሮ ድንቁርናን እናጠፋለን የሚል ተጽፎበታል፤ ፊደሎቹ የሰው ቁመት ያህላሉ፤ መኪናው ከስሩ ሲያልፍ ጥላቸው ፊታችን ላይ ሄደ። እማማ ዘቢባ ያን ጊዜ የነጠላቸውን ጥለት ይፈትሉ ነበር። ቀና አላሉም።

የደብረ ታቦር መገንጠያ ላይ ሁለት ሚሊሺያዎች አስቆሙን። ሐሰን የሦስቱንም ወረቀት ይዞ ፈጥኖ ተነሣ፤ «ወርጄ ላሳያችሁ» አለ። «ማንም አይወርድ! እኔ እገባለሁ» አለ አንደኛው። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ጠመንጃውን በአንድ ትከሻው እርሳሱን በኮቱ ኪስ የያዘ ሰው ነው። ከበሩ ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት ተቀብሎ፣ ጣቱን ከስር እያስኬደ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። የቆርቆሮው ሰውዬ ቤት ለመክደን መሆኑን ሁላችንም ሰማን። የገበሬዎቹን የድንበር ክርክር ሰማን። ጓደኛው በሩን ተደግፎ ያፌዝበታል።

«ወርቁ፣ በዚህ አካሄድህ ፋሲካ እዚህ ይሆንባቸዋል!»

«ዝም በል ሙላቴ! አንተ በጣትህ የምትፈርም!»

ወንበሮቹን ቆጠርኩ። አራት ቀሩን፤ ሦስት፤ ሁለት። ሙሄ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው መሰለኝ። ሚሊሺያው ሐሰን እጅ ላይ ካሉት ወረቀቶች ከላይ ያለውን መዘዘ። «ዘ... ቢባ... ሙሐ... መድ። አንቱ ነዎት?» እማማ ዘቢባ እኔ ነኝ አሉት። «የጉዞው... ምክን... ያት...» ሐሰን እጁን ወረቀቱ ላይ ሊጭን ሞከረ፤ ሚሊሺያው በክርኑ መለሰው። «የል... ጃቸው... የየሱፍ... እንድ... ሪስ... ለቅ... ሶ።»

ዶሮ የያዘችው ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እማማ ዘቢባ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

«ተሳስተሃል ልጄ» አሉት። «አይዞህ፤ እኔም እንዳንተው ብዬ ነበር። የቢሮ ጽሕፈት ነው፤ ከመጽሐፉ ይለያል። ጥየቃ ነው የሚለው።»

«ኧረ ለቅሶ ነው እናቴ!» አለ ቆጣ ብሎ። «ይችን አጣለሁ እንዴ? ይኸውና!»

«ይቺ ልጅ ናት ያነበበችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው።»

በሩ ላይ ያለው ሙላቴ ሳቁን ለቀቀው። ሚሊሺያው ፊቱ ጠቆረ። ወረቀቱን አፍንጫዬ ስር ዘረጋው። «አንቺ ነሽ? አንብቢ እስቲ፤ ሰው ሁሉ ይስማ።» ስድሳ ሰው ዞሮ አየኝ። ወረቀቱ በሰው እጅ ብዛት ለስልሷል። ጥርት ያለውን ክብ ጽሕፈት እያየሁ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ፣ «የልጃቸው የየሱፍ እንድሪስ ጥየቃ» አልኩ። ሰውዬው ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ሐሰንን አየ፤ ሐሰን ቀና ብሎ የአውቶቡሱን ጣራ ይመለከት ነበር። ሚሊሺያው እርሳሱን ከኪሱ አወጣ፤ መልሶ ከተተው።

«ጥየቃ ነው» አለ። «ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው።»

«አላልኩህም?» አለ ሙላቴ። «ሁለተኛ ዙር ተመዝገብ!»

ወርቁ ወረቀቱን በነበረው እጥፋት አጠፈና ለእማማ ዘቢባ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው። የቀሩትን ሰዎች ወረቀት አላየም። ወርዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ እጁን ብቻ አንሥቶ እለፉ አለ።

ከወረታ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋው ይወጣል። ረዳቱ አይቀልድም፤ የወንዛዬው ሽማግሌ እንኳ ጉልበታቸውን መርገም ትተዋል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሐሰን ድንገት ተነሥቶ የወንበሩን ብረት ይዞ በመስኮቱ በኩል ቆመ። ምን ሊከልል እንደፈለገ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከመንገዱ በታች ባለው ገደል፣ ግራሩና እሾሁ ላይ፣ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አበባ ያለበት፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ከነጥቅሉ እየተተረተረ እስከ ታች ድረስ ወርዶ ነፋሱ ያነሣዋል፤ ያስተኛዋል። እኔም የማይዘጋውን መስኮት እንደሚዘጋ ሰው ሁለት እጄን ዘርግቼ ተንጠራራሁ። መኪናው ዳገቱን ሲያምጥ ቆይታው በዛብኝ። ጀርባዬ ላይ እጅ ዐረፈ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ እማማ ዘቢባ። «መኪናው ይጥልሻል።»

ተቀመጥኩ። ሐሰንም ተቀመጠ። ብዙ ዳገት ወጣን። ብርዱ መጣ፤ ነጠላቸውን ከእኔ ትከሻ ጋር አካፈሉት። ወረቀቱ ጭናቸው ላይ ነው፤ አልዘረጉትም።

«ያ ሚሊሺያ ስንት ወር ተምሮ ይሆን?» አሉ በሹክሹክታ፤ የሞተሩ ጩኸት ከፊት ካሉት ይሸፍነን ነበር።

«አላውቅም እማማ።»

«እኔ ስምንት ወር ነው።» ትንሽ ቆዩ። «እርሱ ወረታ ተማረ፤ እኔ ባሕር ዳር። ሁለታችንም አንዲቱ ቃል ላይ ተሳሳትን?»

መልሴን አልጠበቁም። እጄን ፈልገው ያዙት፤ መዳፋቸው በርበሬው ለዘመናት የፈተነው ሻካራ መዳፍ ነው። ሙሄ የነገረኝን ነገር ነበር የምጠብቀው፤ አፋቸው ሊያዝ ነው፤ ሊወድቁብኝ ነው። ሙሄን ልጥራው ብዬ አፌን ስከፍት እጄን ጠበቅ አደረጉት።

«ለልጆቹ እንዳትነግሪያቸው» አሉ።

«ምኑን?»

«ልክ ማንበቤን።»

እስከ ከተማው ትንፋሻቸውን እቆጥር ነበር፤ እንደሚቀዳ ውኃ በጥንቃቄ ይስቡታል፣ በጥንቃቄ ይለቁታል።

ደብረ ታቦር ስንገባ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ፊታቸውን ታጥበው ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ነው የለበሱት፤ ከሩቅ ላያቸው ሰው የሠርግ ሽማግሌ ሊቀበሉ የወጡ ይመስላሉ። አንዷ ግን ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ከድጃ መሆኗን አወቅሁ። እማማ ዘቢባ ሐሰን ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፋ አድርገው በራሳቸው ወረዱ። ሁሉንም አንድ በአንድ ሳሙ። ከዚያ ጮክ ብለው «እህ፣ በሽተኛዬስ?» አሉ። ሰዎቹ ተያዩ።

«ተሽሎታል» አለች ከድጃ። «ተኝቷል አሁን።»

«ተመስገን። እህል ቀመሰ?»

«ቀመሰ። አጥሚት ቀመሰ።»

«ማን ሠራለት?»

«እኔው ነኝ።»

«እሰይ የኔ እህት።»

የእኔም ቤት በዚያው በኩል ስለሆነ ሻንጣዬን ይዤ ከኋላቸው ሄድኩ። ሰዎቹ በመሀላቸው አስገብተዋቸዋል። እርሳቸው ይጠይቃሉ፤ ትኩሳቱ በረደለት ወይ፤ ልብስ ደርባችሁለታል ወይ፤ ማን ነው አጠገቡ የሚያድረው። ሰዎቹ እየተቀባበሉ ይመልሳሉ፤ በረደለት፤ ደርበንለታል፤ ሁላችንም እናድራለን። አንዱ መልስ ሲያልቅበት ሌላው ይፈጥናል። ሙሄ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝና በደስታ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ደረስን ማለቱ ነው። ሴቶቹ እርምጃቸውን ያፈጥኑ ጀመር፤ ቶሎ አግብተው ቶሎ ሊያሳርፏቸው። እማማ ዘቢባ መንገዱ መሀል ቆሙ። በሁለቱም በኩል የያዟቸውን እጆች ቀስ አድርገው አስለቀቁ።

«ቀስ በሉ እንጂ» አሉ። «ምን ያስቸኩለናል?»